የእምቧይ አምባ ብርድ

ኅዳር 4 ቀን 2001፣ ሐሙስ

ሱቅ ከፈትኩ። ሦስት ሬዲዮ፣ አንድ የግድግዳ ሰዓት፣ አንድ ካውያ መጣልኝ። ከሬዲዮዎቹ ሁለቱ አልተበላሹም፤ የባትሪ ድንጋያቸው ነው ያለቀው። ለአንደኛው ባለቤት "በረሮ ገብቶ ዜና አንባቢውን ነክሶት ነው" አልኩት። "ተረፈ ወይ?" አለኝ። ደግ ሰው... አዲስ ድንጋይ ከትቼ ድምፁን ሳሰማው እፎይ አለ።

ሠናይት ምሳ ይዛልኝ መጣች። የታላቅ እህቴ የአሰፋሽ ልጅ። ከኩዌት ከተመለሰች አራት ወሯ ነው። ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ለእናቷ ቤት ሠራች። ለእኔስ? አንድ ጆንያ የተሰባበረ ዕቃ። አሠሪዎቿ የጣሉትን ሁሉ ስትለቅምልኝ ኖራ ነው። "አጎቴ የሚወደው የሞተ ነገር ነው" ትላለች። እውነቷን ነው። ደህና ዕቃ ምን ያደርግልኛል?

"እሑድ ሽማግሌ ይመጣል" አለችኝ ሳህኑን እያነሣች። ወደ ግድግዳው እያየች። "ከመልካሙ ቤት..."

"ገሳይ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው? ያ ለመሳቅ ፈቃድ የሚጠይቀው?"

"አጎቴ! እሑድ ምላስዎን ይሰብስቡልኝ። ስለ እመብርሃን።"

ማልኩላት። አባቷ ስለሌለ ሽማግሌ የምቀበለው እኔ ነኝ። ትልቅ ሰው መሆን ነው እንግዲህ።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ምን አደረግኩ...

ከቅዳሴ መልስ መጡ። አራት ሽማግሌ፣ ነጭ በነጭ። ከፊት የመልካሙ አያት፣ አያ ይሻው። ሰማንያ አልፏቸው ቀጥ ያሉ ሰው፣ ዘንጋቸው ከሱቄ በር የሚረዝም። እንደ ወጉ ደጅ አቆምናቸው። እንደ ወጉ "ምን እግር ጣላችሁ?" አልን። ዘር ተቆጠረ፣ በእነሱም በእኛም ሰባት ቤት ወደ ላይ። ዝምድና የለም። ተመስገን። እታለም አሰፋሽ ጠላውን ልታቀርብ ተነሣች። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረ። ጠያቂው እኔ።

"አገራችሁ ወዴት ነው?"

"እምቧይ አምባ። ከሐሙሲት ወደ ላይ" አሉ አያ ይሻው።

እዚህ ላይ አፌን ብዘጋው ምን ነበረበት?

"ሐሙሲት! ቆላ ነዋ! ልጃችንን ወባ ቢጨርሳትስ? አጎበር ይዛችኋል ወይስ እኛ እንጨምር?"

ሳቅኩ። ብቻዬን።

አያ ይሻው ቢቆጡ ይሻል ነበር። አልተቆጡም። ዘንጋቸውን አነሡ። "ሰማንያ ሁለት ዓመት ውርጭ የጠበሰኝ ሰውዬ... ዛሬ ቆለኛ ተባልኩ" አሉ። ወጡ። ሦስቱ ተከተሏቸው። እታለም ጠላውን እንደያዘች ቀረች።

ኅዳር 8

ሠናይት አላናገረችኝም። እታለም አናገረችኝ። ዝምታው ይሻል ነበር።

ፈንታነሽ ደግሞ... ሚስቴ ናት፣ ታዝንልኛለች ብዬ። "አለምነው፣ የሰው ሬዲዮ ሁሉ ትጠግናለህ፤ ላንተ ምላስ መዝጊያ ቁልፍ የሚሠራ ይጥፋ?"

"ድምፅ መቀነሻ አይበቃም?"

"መዝጊያ።"

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

መልካሙ ሱቅ ድረስ መጣ። ቁጭ በል ብለው እንኳ ቆሞ ቀረ። ከኪሱ ወረቀት አወጣ። የአያቱን መልእክት ቃል እንዳይስት ጽፎት ነው። በተራ ቁጥር! አስተማሪ...

"አንደኛ" አለ። "'አገሬን ቆላ ያለ አፍ፣ አገሬ ላይ ቆሞ፣ በደብሩ ሕዝብ ፊት ደጋ ነው ይበል።'"

"ይሄማ ቀላል ነው! ነገውኑ እሄዳለሁ።"

"ሁለተኛ አለው። 'ነገር ግን የዚያን ሰውዬ ቃል ማንም አያምነውም፤ ቀልደኛ ነው። የማይቀልድ ምስክር ይዞ ይምጣ።'"

"የማይቀልድ ሰው ካንተ በላይ ማን አለ? አንተ መስክር።"

"የልጅ ልጃቸው ነኝ። ላዳላ እችላለሁ።" ከልቡ ነው የሚለው። "አያቴ ያሉት ማሽን ነው። መንገድ ቀያሾች ይዘውት አይተዋል። የቦታን ከፍታ ከሰማይ የሚያነበውን።"

"ጂፒኤስ?"

"ጂፒኤስ። ካልሆነ ግን... አልመርቅም ብለዋል። እኔ ደግሞ ያለ እሳቸው ምርቃት..." ወረቀቱን አጣጠፈ። መልሶ ዘረጋው፣ እንደገና አጣጠፈው። ለመጀመሪያ ጊዜ አዘንኩለት።

"እኔ እሠራዋለሁ!" አለ አንድ ሰው።

ማን ነው ያለው? እኔው ነኝ። ጂፒኤስ በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

ኅዳር 16

ጾም ገባ። ሥራም ገባ።

የሠናይትን ጆንያ ዘረገፍኩ። ከሥር አንድ የመኪና መንገድ ጠቋሚ ተገኘ። መስተዋቱ ተሰንጥቋል፣ ሆዱ ተቃጥሏል። ጆሮው ግን ደህና ነው። ጆሮ የምለው ከሳተላይት የሚሰማውን ጠፍጣፋ ነገር ነው፤ የክብሪት ሳጥን አያህልም። የባሕር ዳሩ ወዳጄ የሰጠኝን መጽሐፍ አነበብኩ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሳተላይቶቹ ላይ ሆነው ያወራሉ፣ ይህ ዝም ብሎ ያዳምጣል፣ ካዳመጠው ተነሥቶ "እዚህ ነህ፣ ከባሕር በላይ ይህን ያህል ከፍ ብለሃል" ይላል።

ለፈንታነሽ አስረዳኋት። "ዝም ብሎ አዳምጦ፣ ከዚያ ብቻ ይናገራል?" አለች።

"አዎ።"

"ሁለት ሠርተህ አንዱን ዋጠው።"

መስተዋት ስለሌለው ቁጥሩን በብሉቱዝ ወደ ሠናይት ስልክ ይልካል። ያለ ገመድ። የብሉቱዙን ሰሌዳ ከተበላሸ የደረሰኝ ማተሚያ ነቀልኩ። ኃይሉ ሦስት የሬዲዮ ድንጋይ። በወረቀት ላይ ሁሉ ነገር ያማረ ነው። በወረቀት ላይ እኔም መሐንዲስ ነኝ።

ስልኩን እንድታውሰኝ ሠናይትን ለመንኳት። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ኅዳር 23

ስልኩ ዐረብኛ ነው! ማውጫው ሁሉ። ቁጥሩ ሳይቀር። ከኩዌት ሲገዛ እንዲያ ነው፣ የሚቀይረው አልተገኘም። ቁጥሩን የሚያነብልኝን ፕሮግራም ከኢንተርኔት ቤት አስጫንኩ፤ እሱም ዐረብኛ ሆነ። ያለ ሠናይት አንድ እርምጃ አልሄድም። እሷ ደግሞ ኩርፊያ ላይ ናት።

ተቀምጣ ታነብልኛለች፤ ከዚያ ሌላ ግን ቃል የለም። "ተገናኝቷል።" "አልተገናኘም።" "ተገናኝቷል።" እንደ አውቶብስ ረዳት።

ዛሬ ተገናኘ። ስልኩ ላይ የዘነበው ግን ቁጥር አይደለም። ኮከብ፣ ጥያቄ ምልክት፣ የጉንዳን ሰልፍ የመሰለ ነገር...

"ምን ይላል?"

"ይለፈልፋል" አለች። "እንደ ባለቤቱ።"

ኅዳር 25

ገባኝ! ጂፒኤሱ በዝግታ ይናገራል፣ ብሉቱዙ በጥድፊያ ይሰማል። አንዱ የእኛ አገር ሽማግሌ፣ አንዱ የመናኸሪያ ደላላ። ደላላውን አዘገየሁት። ልፍለፋው ቆመ። ንጹሕ ቁጥር።

ቁጥሩ ግን ዜሮ ነው። ሳተላይት ዜሮ፣ ከፍታ ዜሮ። የሳተላይቱስ በኋላ ይመጣል። ቤት መሥራት ይቅደም።

ኅዳር 29

ቤት ሠራሁለት። የዱቄት ወተት ጣሳ፣ ውስጡ ጨርቅ፣ ክዳኑ ላይ መብራት። እንዲህ ያማረ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ሜዳ ላይ አወጣሁት። ሳተላይት፣ ዜሮ።

ታኅሣሥ 1

ዜሮ።

ታኅሣሥ 2

ዜሮ። ጉብታ ላይ ወጣሁ፤ ከሰማይ ጋር ከዚያ በላይ መቀራረብ አይቻልም። ዜሮ። አንድ ገበሬ "ምን እየፈለግህ ነው?" አለኝ። "ሰማይ ላይ ዘመድ አለኝ፣ አያነሣም" አልኩት። ቀልዱ ለራሴም አላሳቀኝም። ያ ልጅ ወረቀቱን ሲያጣጥፍ፣ ሲዘረጋ...

ታኅሣሥ 3

ፈንታነሽ ሽንኩርት እየላጠች ጣሳውን አየችው።

"ውስጥ ነው ያስቀመጥኸው?"

"አዎ።"

"ቆርቆሮ ውስጥ?"

"አዎ፣ ምነው?"

"ለደብረ ታቦር ሰው ሁሉ 'ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሬዲዮ አይሰማም፣ አንቴናውን ወደ ውጭ አውጡ' እያልክ ሃያ ዓመት ያስከፈልከው አንተ አይደለህም?"

ጣሳውን ከፈትኩ። መጀመሪያ በሱቁ ቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ ከዚያ በጣሳ ውስጥ፣ ዘጠኝ ቀን መስማት የማይችል ነገር ላይ ስጮህ ከረምኩ። ጆሮውን የደፈንኩት ራሴ።

ታኅሣሥ 6

ቆርቆሮ ያልሆነ፣ ውኃ የማያስገባ፣ ቀላል፣ በማንገቻ የሚንጠለጠል... በዓይኔ ቤቱን ሁሉ ፈለግኩ። ማጀት ውስጥ ተሰቅሎ አየሁት። የፈንታነሽ ትንሿ ቅል፣ ቅቤ የምትንጥባት። ጾም ነው፣ ቅሏም ሥራ ፈት ናት። አንገቷን ቆረጥኩ፣ ድንጋዮቹን ከሥር፣ ጆሮውን ከላይ።

ስለ ቅሏ ለፈንታነሽ ገና አልነገርኳትም።

ታኅሣሥ 7

ነገርኳት። ማለት አወቀችው። ምሳ አልበላሁም።

ግን... ሠራ! ግቢ ውስጥ አስቀምጠን ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ሠናይት ድንገት ተነሣች። "አጎቴ! አራት ሳተላይት! አምስት!" ከኅዳር 7 ወዲህ አጎቴ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ። የእኛ ግቢ፣ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ሰማንያ ስምንት ሜትር።

ሰዓትም ይናገራል። የእኔ ሰዓት ሦስት ይላል። የሠናይት ስልክ በፈረንጅ ዘጠኝ። ቅሉ ስድስት። ለመልካሙ ደውለን ጠየቅነው፤ "የዓለም ሰዓት ነው፣ በእንግሊዝ አገር የሚቆጠር" አለ። ለእኔ ግን የገባኝ ሌላ ነው። በሦስትና በዘጠኝ መሀል ልክ እኩል የቆመ... ሽማግሌ ነው። ከእኔ የተሻለ።

የጎረቤት ድመት ከቅሉ አጠገብ አትጠፋም። የቅቤው ሽታ አልለቀቀም።

ታኅሣሥ 13

የዐረብ ቁጥር እየተማርኩ ነው፤ ሠናይት ሥራ ሲይዛት፣ ከጀርባዋ ተደብቄ። አንዱ በትር ነው። ዜሮው ነጥብ። ዘጠኙ የእኛው ዘጠኝ። ስምንቱ የጎጆ ክዳን፣ ሰባቱ የተገለበጠ የጎጆ ክዳን። ለምን እንደምማረው ለማንም አልነገርኩም። በሆነ ቀን በዐረብኛ ዋጋ ጽፌ ደንበኛ ላደናግር ይሆናል...

ታኅሣሥ 19፣ ገብርኤል

እታለም ቤት ነበርን። ስልኩ ጮኸ። ሠናይት ወደ ውጭ ወጣች፣ ዐረብኛ ስታወራ ሰማን። ስትመለስ ልብሷን ታስተካክላለች።

"የኩዌቷ ማዳም ናት። ሌላ ሠራተኛ አልሆነላትም። እስከ ጥር መጨረሻ ቁርጡን ንገሪኝ ብላለች።"

"ምን አልሻት?" አለች እናቷ።

"እንግዲህ... እዚህ ካልሆነልኝ እዚያ እሆናለሁ።"

እታለም እኔን አላየችኝም። አለማየቷ ከማየት የባሰ ነው። የሰባት ዓመት የልጅ ናፍቆት በአንድ የወባ ቀልድ ሌላ ሰባት ሊሆን ነው... ቅሉን ይዤ ቤት መጣሁ። ድንጋዩን ቀየርኩ። ሽቦዎቹን እንደገና በየድኩ፣ ያልላላውንም።

ታኅሣሥ 26

አንድ ችግር አለ። ቁጥሩ ቁጭ አይልም። ግቢያችን ጠዋት 2,688 ነበር፣ ምሳ ላይ 2,694፣ አሁን 2,685። ቤቱ እንዳልተንቀሳቀሰ ምስክር ነኝ፤ ውስጡ ነበርኩ። መጽሐፉ "የከፍታ ልክ ጥቂት ሜትር ይዋልላል" ይላል።

መልካሙን ጠራሁት። "ለመሆኑ ደጋ የሚጀምረው ከስንት ነው?"

የጂኦግራፊ መጽሐፉን ይዞ ነው የመጣው። "ቆላ እስከ አንድ ሺህ አምስት መቶ። ወይና ደጋ እስከ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ። ከዚያ በላይ ደጋ።"

"እምቧይ አምባስ ስንት ነው?"

"በካርታው... ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ገደማ።"

"ገደማው ከላይ ነው ከታች?"

"ገደማ ነው።"

"ስማ መልካሙ፣ መጽሐፉ ቢጠፋስ? ደጋ ከሁለት ሺህ ሁለት መቶ ይጀምራል ብንላቸውስ?"

እንዲህ አየኝ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጫማዬን አድርጌ የገባሁ ይመስል። "ተማሪዎቼን በዚሁ መጽሐፍ ነው የማስተምረው" አለ።

ይህን የመሰለ ሐቀኛ ሰው ቤታችን ሊገባ ነው። ምን ይዋጠን?

ጥር 1

ጾሙ ተፈታ፣ ነገ እንሄዳለን። እታለም "ሙሽራ ሳትጠራ አማት አገር ትሄዳለች? ወግ የለም?" ብላ ተቆጣች። "ሙሽራ ሆና አይደለም፣ አስተርጓሚ ሆና ነው" አልኳት። ስልኩን ሌላ ማን ያነባል?

ጥር 3፣ እሑድ

ሁሉንም ልጻፈው፣ ሳልረሳ።

ትናንት ሐሙሲት አደርን። ዛሬ ሁለት ሰዓት ሽቅብ በእግር። እኔ፣ ሠናይት፣ መልካሙ። ቅሉ አንገቴ ላይ። ያገኘን ሁሉ ቅቤ ስንት ነው ይለኛል።

እምቧይ አምባ ስንደርስ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ፀሐይ አናት ትበሳለች። እና ምን ይታያል? ሕዝቡ ሁሉ ጋቢ ደርቧል። ሁለት ሁለት! ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ደመራ የሚያህል እሳት ነዷል፣ ሽማግሌዎች ከበው ይሞቃሉ። ላባቸው በጢማቸው ይንጠባጠባል። አንዲት ሴትዮ እጇን እፍ እፍ ትላለች። አንድ ጎረምሳ ጥርሱን ሊያንገጫግጭ ይሞክራል፣ አልሆነለትም።

"ብርዱ ዛሬስ ጉድ ነው" አሉኝ አያ ይሻው። ሦስት ጋቢ ነው የለበሱት። ፊታቸው በርበሬ መስሏል።

ጓሯቸው ውስጥ ሰው የሚያህል ነገር ቆሟል። እሱም ጋቢ ለብሷል። ከሥሩ ቅጠል ወጥቷል። ማንጎ! ማንጎ ደጋ አይበቅልም ብለው ሸፍነውት ነው። ስንት ቀልድ በአንድ ጊዜ ጉሮሮዬ ላይ ተሰለፈ... ሠናይት ክንዴን ቆንጥጣ ይዛለች። ዋጥኩት። ሁሉንም። መራራ ነው።

"ይኼ የቅቤ ቅል አይደለም?" አሉ የደብሩ አለቃ።

"ነበር። አሁን ምስክር ነው" አልኩ።

ቅሉን ደጀ ሰላሙ ላይ አስቀመጥን። ሳተላይት እስኪሰማ ሕዝቡ እሳት እየሞቀ ተቃጠለ። ሠናይት አነበበች። "ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ዘጠና አንድ።"

እልልታው ሊወጣ ነው። ሁለት ሺህ ማለት ለሰው ብዙ ነው። መልካሙ ጉሮሮውን ጠረገ። ዓይኔን አፈጠጥኩበት። በከንቱ። መጽሐፉን ገለጠ። "ደጋ የሚጀምረው ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ነው" አለ።

ዘጠኝ ሜትር።

"እና ምንድን ነን?" አሉ አያ ይሻው።

"ወይና ደጋ ነን፣ አያቴ።"

ተነሣሁ። የመጣሁበትን ልናገር ነው፤ ከሐሙሲት ጀምሮ ሳጠናው የመጣሁትን። "አያ ይሻው፣ የእምቧይ አምባ ሰው ሆይ! ቆላ ብዬ ነበር፣ ቆላ አይደለም። ማሽኑ መስክሯል። ዋሽቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ።" ስለ ራሴ እንዲህ አጭር ተናግሬ አላውቅም።

አያ ይሻው አሰቡ። "ይቅር ብያለሁ" አሉ። "ምርቃቱ ግን... ቆላ አይደለም ማለት ደጋ ነው ማለት ነው? ሰው 'ሌባ አይደለም' ተብሎ ይመረቃል?"

ሠናይት ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች። የማዳም ስልክ ታየኝ። አውሮፕላኑ ታየኝ።

አዛውንቱ ቀና አሉ። ከአጥሩ ወዲያ ገብሱን ከወፍ የሚጠብቁበት ማማ ቆሟል። አራት ሜትር ቢሆን ነው። ያዩታል... ጋቢዎቻቸውን አንድ በአንድ አወለቁ። "አምጣው" አሉኝ። ቅሉን አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉ።

"አያቴ! ሰማንያ ሁለት ዓመትዎ ነው!"

"አገሬ ለዘጠኝ ሜትር ከምትዋረድ እኔ ልሰበር!"

ወጡ። እንጨቱ ተንቋቋ። ሠናይት ከሥር ቆማ ታነባለች፤ ብሉቱዙ ከአሥር እርምጃ አያልፍም። እኔና መልካሙ ማማውን ደግፈን ይዘናል። "ዘጠና ሦስት... ዘጠና አምስት... ዘጠና አምስት... ዘጠና ሰባት..." ጫፍ ደረሱ። ቅሉን በሁለት እጃቸው ወደ ሰማይ አነሡት፣ ክንዳቸው እስኪዘረጋ።

ዝም። ሠናይት ስልኩን አየች። መልካሙን አየች። ስልኩን አየች።

"ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አንድ!"

እልልታው! ሴቶቹ፣ ሽማግሌዎቹ፣ አለቃው ሳይቀሩ። መልካሙ ሳቀ፣ ፈቃድ ሳይጠይቅ! "አሳዪኝ" ብዬ እጄን ስዘረጋ ስልኩን ብብቷ ውስጥ ከትታዋለች። "ባትሪው አለቀ፣ አጎቴ።"

አያ ይሻው ማማው ላይ ቆመው መረቁ። "ውለዱ፣ ክበዱ! ቤታችሁ እንደዚህ ከፍ ይበል!" አሜን። በአሜኑ ጋቢው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወለቀ።

ከዚያ ወደ ታች አዩኝ። "አለምነው! ከዚህ ሆኜ ሳይህ ቆለኛ ትመስላለህ!"

መልስ ነበረኝ። አልሰጠሁም።

ለማውረድ አራት ሰው አስፈለገ። ቅሉን አልመልስም አሉ። "ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል፤ የዚህ ቅል አገሩ ከዛሬ ጀምሮ እምቧይ አምባ ነው።"

ጥር 4

ሠናይት ለማዳም ደወለች። አልመጣም አለቻት። እታለም ሳመችኝ። ፈንታነሽ ቅሌን አለች።

ጥር 13፣ ረቡዕ

ጥምቀት አለፈ። ሠናይት ስልኩን አመጣችልኝ፤ አልሞላ ብሏታል። ቀዳዳው ውስጥ አቧራ ነው። ጠረግኩት። በራ።

መንካት አልነበረብኝም... ነካሁ። ፕሮግራሙ የነበርንበትን ሁሉ ይመዘግባል ለካ። ቀኑም አለ፣ ያ ሽማግሌ ያልኩት የቅሉ ሰዓትም አለ። እሑድ የማማው ላይ። ነጥብና በትር ፈለግኩ፤ ሦስት መቶ አንድ እንዲያ ነው የሚጻፈው። ነጥብ የለም። በትር የለም። ወደ ላይ ሄድኩ፣ ወደ ታች ሄድኩ። ከቁጥሮቹ ሁሉ ትልቁ ሁለት፣ ሁለት፣ ዘጠኝ... ጫፉ ላይ ደግሞ የጎጆ ክዳን።

ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ዘጠና ስምንት።

ሳቄ መጣ። በሱቁ መሀል ብቻዬን ሳቅኩ። ይህች ልጅ! "ምላስዎን ይሰብስቡ"፣ "ስለ እመብርሃን" ስትለኝ የኖረች! በደብሩ ሕዝብ ፊት፣ በአለቃው ፊት፣ በዚያ ሐቀኛ እጮኛዋ ፊት... ፊቷ ሳይቀላ! ማን አስተማራት?

ከዚያ ሳቁ ቆመ። ይህን ለማን እነግረዋለሁ? በሕይወቴ ያገኘሁት ትልቁ ቀልድ ነው። ለፈንታነሽ? ፈንታነሽ ለእታለም። እታለም ለጎረቤት። ሐሙሲት በሁለት ገበያ፣ እምቧይ አምባ በሦስት።

የሚሰርዘውን ቁልፍ አውቀዋለሁ፤ ዐረብኛም ቢሆን። ተጫንኩት። የጻፍኩት እዚህ ደብተር ላይ ብቻ ነው።

ጥር 24፣ እሑድ

ዳርናት። እግሬ አብጧል፣ ድምፄ የለም። ልትሄድ ስትል ጉልበቴን ስማ ቀና አለች። በጆሮዬ፤ "አጎቴ፣ ስልኬ ውስጥ የነበረ ነገር ጠፍቷል።"

"የቱ ነገር?"

"ምንም" አለች። በቬሎው ሥር ስትስቅ አየኋት። ከዚያ አለቀሰች። እኔማ አቧራ ነው።

ጥር 26፣ ማክሰኞ

እምቧይ አምባ፣ ለቅልቅል ተጠርተን ሄድን። ዘመድ ሁሉ፣ ጠጁ፣ ጭፈራው። ፈንታነሽ አዲስ ቅል ተሰጣት፣ ከድሮዋ የሚበልጥ። የእኔዋ ቅል አያ ይሻው በር ላይ ተሰቅላለች። ድንጋዮቿ ካለቁ ሦስት ሳምንት ይሆናቸዋል፤ ማንም አልጠየቀም። እንግዳ ሲመጣ ግን ወደ ላይ ይጠቁማሉ፤ "ሦስት መቶ አንድ!"

ማንጎው ጋቢውን አውልቋል። አፍርቷልም። ማንም ምንም አላለም፣ እኔም።

ሰባት ሰዓት ላይ፣ ፀሐዩ ድንጋይ በሚያቀልጥበት፣ አያ ይሻው በሰው መሀል መጡ። ወፍራም ጋቢ ይዘዋል። "ቆለኛው አማቼ!" አሉ ጮክ ብለው። ዳሱ ሁሉ ዞረ። "ደጋ አልለመድህም፣ ብርድ እንዳይመታህ!" ትከሻዬ ላይ ጣሉት።

ሰው ሁሉ አፌን ጠበቀ። ፈንታነሽ ዓይኗን ጨፈነች። ሠናይት ከሙሽራ ወንበሯ ላይ ሆና ታየኛለች።

ጋቢውን እስከ አንገቴ ሳብኩት። ላቤ በጀርባዬ ወረደ።

"እውነትዎን ነው፣ አያ ይሻው" አልኩ። "ብርዱስ አይጣል ነው።"